ማላላትም ማጥመድ ነው ወይ?

ምጽዋ ባሕር ኃይል ሳለሁ ከሥራ ሰዓት ውጪ ዓሣ የምናጠምድ ጥቂት መርከበኞች ነበርን። ዘንግና ሪል የሚያስገዛ ደመወዝ አልነበረንም፤ ከውጭ መርከብ ሠራተኞች በልዋጭ፣ ለትምህርት ባሕር ማዶ ደርሰው ከሚመለሱ ጓደኞቻችን ደግሞ በስጦታ እናገኝ ነበር። ክሩን የምታጠብቀውንና የምታላላውን የሪሉን ክፍል፣ መካኒክ የመኪናዋን እንደሚጠራት፣ "ፍሪሲዮን" እንላታለን። መኮንኖቹ በእንግሊዝኛ "ድራግ" ይሏታል። እኔ የጎንደር አራዳ ልጅ ነኝ፤ ባሕር ከማየቴ በፊት የማውቀው ውኃ ቀሃንና አንገረብን ብቻ ነበር። ስለ ሃይማኖት ካሰብኩት ነገር ብዙውን ያሰብኩት ግን ጣቴን በዚህች ፍሪሲዮን ላይ አድርጌ ነው። ስለዚህ አንባቢ በመጀመሪያ አሠራሯን እንዳስረዳ ይፍቀድልኝ።

ክሩ በሚጠቀለልበት ከበሮ ውስጥ ስስ ቀለበቶች ተደራርበው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ብረት፣ ቀጥሎ ያለው ተጠቅጥቆ የተሠራ ሱፍ ወይም ቆዳ፣ በአዲሶቹ ሪሎች ደግሞ ካርቦን ነው። ገሚሶቹ መሐል ካለው ብረት ጋር የታሰሩ ናቸው፤ ገሚሶቹ ከከበሮው ጋር ይዞራሉ። ቁልፏን ስታጠብቅ ቀለበቶቹ ይጫጫናሉ፣ ስታላላ ይላቀቃሉ። ዓሣው ከወሰንክለት ጉልበት በታች ከጎተተ ከበሮው ንቅንቅ አይልም። ከዚያ በላይ ከጎተተ ግን ይንሸራተትና ክር ይለቅለታል፤ ሪሉም ጭርር ይላል። ፍሪሲዮን ሳትኖር የባሕር አጥማጆች የሚሮጠውን ክር የሚገቱት ቁራጭ ቆዳ በአውራ ጣት ተጭነው ነበር። ትልቅ ዓሣ ሲነሣ የሪሉ እጀታ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ የስንቱን ጣት ሰብሯል። እ.ኤ.አ. በ1913 ዊልያም ቦሸን የተባለ አሜሪካዊ በካሊፎርኒያ ካታሊና ደሴት አጠገብ፣ በውስጡ ፍሪሲዮን ባለው ሪል፣ አፉ እንደ ሰይፍ የሾለውን ግዙፍ ዓሣ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለመደ።

አስተካከሏም ሥርዓት አለው። ክሩን ከመንጠልጠያ ሚዛን ጋር ታስርና ትጎትታለህ። ክርህ 12 ኪሎ ላይ የሚበጠስ ከሆነ፣ ፍሪሲዮኗ በ3 ወይም ቢበዛ በ4 ኪሎ ክር መልቀቅ አለባት። የመበጠሻውን ሩብ፣ ግፋ ቢል ሲሶውን፤ ከዚያ አታልፍም። ይህን የምታደርገው ደግሞ በየብስ፣ ልብህ ሳይመታ፣ ዓሣ የሚባል ነገር በአካባቢው ሳይኖር ነው። መጀመሪያ ያስተማረኝ የምጽዋ ተወላጅ የሆነ አንድ ሽማግሌ አጥማጅ ነበር። ዓሣ ከተያዘ በኋላ ቁልፏን ለመንካት እጄን ስሰድ ካየ በአማርኛ ጀምሮ በትግርኛ አልፎ በዓረብኛ ይሰድበኝ ነበር፤ ጣሊያንኛውን ክሩ ለተበጠሰበት ሰው ነበር የሚያስቀምጠው።

የስድቡ ምክንያት ኋላ ገባኝ። ከበሮው ሙሉ ሳለ ክሩ የሚወጣው ከሰፊው ዙር ላይ ነው። ደራክ የተባለው ዓሣ ወይም ባራኩዳ መቶ፣ ሁለት መቶ ሜትር ይዞ ሲሮጥ የቀረው ክር ይሳሳል፣ ዙሩም ይጠባል። ያኔ ፍሪሲዮኗን ማንም ሳይነካት ጫናው ይጨምራል። ዙሩ በግማሽ ሲያንስ ክሩን ለማስለቀቅ የሚያስፈልገው ጉልበት እጥፍ ይሆናል፤ በ3 ኪሎ ያስተካከልካት በ6 ኪሎ ትይዛለች ማለት ነው። በዚያ ላይ ውኃው የተዘረጋውን ክር ይጎትተዋል፤ የጎበጠው ዘንግና በላዩ ያሉት ቀለበቶችም ያሹታል። "ክሩ ሊያልቅብኝ ነው" ብለህ የምትደነግጥባት ደቂቃ ክሩ ከመቼውም በላይ የተወጠረባት ደቂቃ ናት። ድንጋጤ "አጥብቅ" ይላል። የሚያዋጣው ግን ማላላት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ከሪሉ ልውጣ። አጥምደህ ስትመለስ ሪሉን በንጹሕ ውኃ ታጥበዋለህ፤ ከደረቀ በኋላ ፍሪሲዮኗን ፈጽመህ አላልተህ ታሳድራታለህ። ጠብቃ የከረመች እንደሆነ ሱፉ ተጨፍልቆ ይጣበቃል። በማግስቱ ዓሣው ሲስብ እምቢ ትልና፣ ቆይታ በድንገት ስትላቀቅ ክሩን ታስበጥሳለች። ከውጭ ለሚያያት ደኅና ነች።

የካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ተያዘች። በዓመቱ እኛም ተበተንን። ትልቋ መርከባችን "ኢትዮጵያ" ወደ የመን ሸሽታ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። እኔ ወደ አራዳ ተመልሼ ገበያው ዳር ብሎንና ሚስማር መቸርቸር ጀመርኩ፤ ከባሕሩ የተረፈኝ በጨርቅ የጠቀለልኩት አንድ ሪል ነበር። ጎንደር ላይ ደግሞ ሪል የያዘ ሰው የሚሄድበት ቦታ አንድ ነው፤ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ጎርጎራ። ጣና ላይ በታንኳ የሚሠሩት አጥማጆች ዘንጌን እንደ ሕፃን መጫወቻ እያዩ ይስቁ ነበር፤ እውነታቸውን ነው፣ እነሱ የሚያጠምዱት ለእንጀራቸው ነው። አምባዛው ከሥር ሆኖ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ቀረሶው ብዙ አይታገልም። ነጭ ዓሣ የምንለው ግን ይሮጣል። በክረምት ለመራባት ወደ መገጭ፣ ወደ ድርማ፣ ወደ ርብና ጉማራ አፍ ሲተም መረብ ተጋርዶ ይጠብቀዋል፤ ቁጥሩም ክፉኛ ቀንሷል። በእነዚያ ወራት እኔ ዘንጌን አላነሣም።

ጎርጎራ ዓሣ ብቻ ያለባት ቦታ አይደለችም። ደብረ ሲና ማርያም እዚያ ናት። የኢየሱሳውያን ዘመን ግምብ ፍርስራሽም እዚያው ነው። ክር ጥሎ ለሚቀመጥ ሰው ጊዜ ሞልቶታልና፣ ስለዚያ ግምብ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 አገራችን የገባው ሰባት ዓመት በየመን ታስሮ፣ ሰንሰለት ለብሶ መርከብ ቀዝፎ፣ ተቤዥቶ ከተለቀቀ በኋላ በሁለተኛው ሙከራው ነው። ግዕዝና አማርኛ ተማረ። ዐፄ ዘድንግል ወደ ሮማ እምነት አዘንብሎ የቅዳሜን መከበር በአዋጅ ሊሽር ሲነሣ "አይቸኩሉ" ብሎ የመከረው ይኸው ኢየሱሳዊ ነበር። ዘድንግል አልሰማም፤ በ1604 በተነሣበት ዓመፅ ሞተ። ፓኤዝ ግን በኋላ ከነገሠው ከሱስንዮስ ጋር ዓመታት ቆጠረ፤ ሕንፃ አነጸለት፣ አብሮት ተጓዘ፣ ግሽ ዓባይ ድረስ ወረደ። ንጉሡ እምነቱን በይፋ የለወጠው በ1622 ነው፤ በዚያው ዓመት ፓኤዝ ጎርጎራ ላይ በንዳድ ሞተ።

ተከትሎት ፓትርያርክ ሆኖ የመጣው አልፎንሶ ሜንዴዝ ሌላ ሰው ነበር። በ1626 የካቲት ሱስንዮስ ደንቀዝ ላይ ተንበርክኮ ለሮማው ጳጳስ ሊታዘዝ ማለ፤ ከዚያ ፓትርያርኩ ቁልፏን ያዞራት ጀመር። የተጠመቀው ሕዝብ እንደገና ይጠመቅ። ካህናቱ እንደገና ይካኑ። አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና ይባረኩ። ጾሙና በዓሉ በሮማ አቆጣጠር ይሁን፤ ግዝረት ይቅር። ላስታ በመልክአ ክርስቶስ እየተመራ ሸፈተ፤ ሌላውም አገር ተከተለ። ክሩ እየሸሸ በሄደ ቁጥር ጫናው ከራሱ ከሽሽቱ ጨመረ፤ ሜንዴዝ ግን ማጥበቁ የሠራ መስሎት ነበርና አላላላም። በመጨረሻ የድሮው ቅዳሴ በከፊል፣ ጾሙም በከፊል ሲፈቀድ ነገሩ አልፎበት ነበር። በ1632 ወይና ደጋ ላይ ንጉሡ የገዛ ገበሬውን ድል አደረገ፤ 8 ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ተጽፏል። ልጁ ፋሲል የወደቁትን እያሳየ፣ እነዚህ ባዕድ ሳይሆኑ ክርስቲያን ወገኖቻችን ናቸው ብሎ አባቱን እንደወቀሰው ይተረካል። በዚያው ዓመት ሰኔ ሱስንዮስ የአባቶቹን ሃይማኖት መልሶ መንበሩን ለፋሲል ተወ። ከአራት ዓመት በኋላ ፋሲል ጎንደርን ቆረቆረ። የኔ አራዳ የቆመችው በዚያ ብጥስ ላይ ነው ማለት ነው።

ለብዙ ዘመን ይህን ታሪክ ያነበብኩት እንደ አጥማጅ ነበር። ፓኤዝ ፍሪሲዮን ያውቃል፣ ሜንዴዝ አያውቅም። ማላላት ይይዛል፣ ማጥበቅ ይበጥሳል። ጓደኞቼን ሰንበቴ ላይ አሰልችቻቸዋለሁ በዚህ ነገር። ጥሩ ምሳሌ ነበር፤ ልጄ እስካፈረሰችው ድረስ።

ሁለተኛዋ ልጄ ሐዋሳ ነርስ ናት። እዚያ ሳለች ጴንጤ ሆነች። ቤታችን ውስጥ የሆነውን የጎንደር ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል፤ እናቷ አለቀሰች፣ ወንድሞቿ ስልክ ዘጉባት፣ አክስቷ "ለጥምቀት እግሯ እንዳይረግጥ" አለች። እኔ ግን አልተቆጣሁም። ሌሎቹን ተቆጣሁ። "ተዋት፣ ለቀቅ አድርጓት፣ ሰው እየተጎተተ አይመጣም" አልኩ። ስልክ ስትደውል ስለ ሥራዋ፣ ስለ ልጆቿ እጠይቃለሁ፤ ስለ ሃይማኖት አንድ ቃል አልተነፍስም። ሰው ሁሉ ትዕግሥቴን አደነቀ። ልክ ነኝ ብዬም አምን ነበር።

ልጅ ሳለች ጎርጎራ ይዣት እሄድ ነበር። ክር ሲሮጥ ቁልፏን እንዳትነካ፣ ዓሣው ሲቆም ብቻ እንድትጠቀልል ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ታዲያ በስልክ እንዲህ አለችኝ፦

"አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዝም የምትለኝ እስክደክም ነው?"

መልስ አልነበረኝም። ምክንያቱም ፍሪሲዮን ማለት ይኸው ነው። ክር የሚለቀቀው ዓሣው እንዲሄድ ተብሎ አይደለም። እንዲደክም ነው። የለቀቅክለት እያንዳንዱ ሜትር ከጉልበቱ ይበላል፤ ሲያበቃ በጎኑ ተንሳፍፎ ወደ እጅህ ይመጣል። አጥብቆ ከሚይዘው ሰው ይልቅ አላልቶ የሚይዘው ነው ዓሣውን እርግጠኛ ሆኖ የሚበላው። የልጄ ጥያቄ ያንን ደግነት ያልኩትን ነገር ገልብጦ ሆዱን አሳየኝ፤ እዚያ መንጠቆ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ፓኤዝንም እንደ ድሮው ላነበው አልቻልኩም። የዋህ ነበር፣ የተማረ ነበር፤ ይህን አልነሣውም። ግን የያዘው ክር የማን ነበር? የንጉሡ። ሱስንዮስ የቅዳሜን መከበር የሻረው፣ ስለ ሁለቱ ባሕርይ ያወጀው፣ ፓኤዝ በሕይወት እያለ ነው። አቡነ ስምዖን ከዓመፀኞቹ ጋር ተሰልፈው የሞቱት በ1617 ነው፤ ያኔ ሜንዴዝ ገና አልመጣም። ልዩነታቸው የፍሪሲዮን አስተካከል ነበር፤ ዘንጉ፣ ክሩና መንጠቆው አንድ ነበሩ። መንጠቆው ደግሞ አዋጅ ይባላል፤ ንጉሡ ከተያዘ ሕዝቡ የትም አይሄድም የሚል እምነት።

ይህን ብዬ ጣቴን በፈረንጅ ላይ ብቻ ብቀስር ዋሾ እሆናለሁ። ተዋሕዶም ዘንጉን ሲጨብጥ ያው ነበር። ፋሲል ኢየሱሳውያንን አባረረ፤ ይህስ ይሁን፣ ሕዝብ ያለቀበት ጉዳይ ነው። በ1638 ግን አጋታንጌሎስና ካስያኖስ የተባሉ ሁለት ካፑቺን መነኮሳት እዚሁ ጎንደር ላይ በገዛ መታጠቂያ ገመዳቸው ተሰቀሉ። በ1668 በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን የጎንደር ጉባኤ እስላሙና ፈላሻው ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲሰፍር፣ የፈረንጅ ዘር ያለውም ወይ ወደ ተዋሕዶ እንዲገባ ወይ አገር እንዲለቅ ወሰነ። በ1878 በቦሩ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ቅባቱንና ጸጋውን ዘጉ፤ የወሎን እስላም ለመጠመቅ ቀን ቆረጡለት። መሐመድ ዓሊ ራስ ሚካኤል ሆኑ። ሹሙ በቶሎ፣ ሕዝቡ በጊዜ፤ ለየመደቡ የተለካ ፍሪሲዮን ነበረ ማለት ነው።

እኔ ራሴ የተያዝኩበት ክር ደግሞ ቀይ ነበር። በደርግ ጊዜ ባሕር ኃይሉ ውስጥ የውይይት ክበብ ነበረን፤ ማርክሲዝም ሌኒኒዝም በሳምንቱ። ካድሬያችን ጨዋ ሰው ነበር። ማተብህን በጥስ ብሎኝ አያውቅም፤ ከሸሚዜ ውስጥ እንዳስገባው ብቻ ነበር የሚፈልገው። ቀጥሎ በዓል ላይ ተረኛ መሆን መጣ። ቀጥሎ በጾም ወራት ከሥጋው ድስት ሌላ ነገር አለመሠራቱ መጣ። ማንም አልገፋኝም። ደክሞኝ ነበር የበላሁት። ስለዚህ ልጄ ያለችኝን ለመረዳት ብዙ አልፈጀብኝም፤ እኔም በሌላኛው ጫፍ ሆኜ አውቀዋለሁ።

ታዲያ ጥያቄው ይኼ ነው፦ ማጥመድ ያልሆነ ማላላት አለ ወይ? ሰውን ሳያጠብቁበት መጠበቅ፣ ሳይተዉ መልቀቅ ይቻላል ወይ? እግዚአብሔርስ የሚታገሠን እንዴት ነው፤ እስክንደክም ነው?

ወንጌልን በዚህ ዓይን ደግሜ አየሁት። ከሐዋርያቱ አንዳንዶቹ አጥማጆች ነበሩ፣ ሰውን አጥማጅ እንደሚሆኑም ተነግሯቸዋል። ሥራቸው ግን በመረብ ነው። በሉቃስ መረቡ ሊቀደድ ደረሰ፤ በዮሐንስ መጨረሻ 153 ዓሣ ይዞ አልተቀደደም። መንጠቆ በአራቱ ወንጌል የተነሣው አንድ ጊዜ ነው፣ በማቴዎስ 17፤ ጴጥሮስ በመንጠቆ ያወጣው ዓሣ አፉ ውስጥ ገንዘብ ተገኘ፣ ገንዘቡም ለግብር ተከፈለ። ከነፍስ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። በአራተኛው መቶ ዘመን የነበረው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ደግሞ ስለ ሥጋዌ ሲጽፍ፣ መለኮት በሥጋ ውስጥ እንደ መንጠቆ በመብል ውስጥ ተሰውሮ እንደነበር ያስተምራል። መጀመሪያ ሳነበው ደንግጬ ነበር፤ ኋላ ልብ ስል ያን መንጠቆ የዋጠው ሰይጣን ነው። ሰው አይደለም። ቅዱሱ አባት እዚህ ላይ መንጠቆን ለጠላት ነው ያዋለው፤ ይህንን ልዩነት ብዙ ሰባኪ አልፎት ይሄዳል።

ከሁሉ ይልቅ ግን የጠፋው ልጅ አባት ነው የከበደኝ። ድርሻውን ጠየቀው፣ ሰጠው። መልእክተኛ አልላከበትም። በረሃብ ጊዜ ስንቅ ልኮ ውለታ አላስገባውም። ልጁ የተመለሰው ደክሞ ነው፤ እዚህ ላይ ከዓሣው ጋር ይመሳሰላል፣ አልክድም። ያደከመው ግን የአባቱ ክር አልነበረም፤ በአንገቱ የቀረ ምንም ነገር የለም። አባቱ ቤቱ ሆኖ መንገድ መንገድ ያያል እንጂ እጁ ላይ ጫፍ አልያዘም። ባይመለስስ ኖሮ? ታሪኩ ያንን ክፍት ይተወዋል፤ አባትየው ያንን ችሎ ነው የለቀቀው። ፍሪሲዮን የሚያላላ አጥማጅ እንደዚያ አያደርግም፤ ሊያጣው የፈቀደ አጥማጅ ክሩን ይቆርጠዋል እንጂ ሪል አይዝም።

እንፍራንዝ ላይ ኖረ የሚባለው ፈላስፋው ዘርአ ያዕቆብም፣ የሐተታው ደራሲ ማን እንደሆነ ሊቃውንት ቢከራከሩም፣ ከዚያው ከሱስንዮስ ዘመን ተነሥቶ ተመሳሳይ ቦታ ይደርሳል። ፈረንጁም ግብጻዊውም እውነት ከእኔ ዘንድ ብቻ ናት ሲሉ ዋሻ ገብቶ የተቀመጠው ሰው፣ ፈጣሪ ሰውን ለሥራው ጌታ አድርጎ ፈጥሮታል ይላል፤ መልካምም ክፉም ለመሆን የሚችል። እኔ ስለ ጾም የሚለውን አልቀበለውም፣ አርብና ረቡዕን አልሽርም። ነገር ግን ከእንፍራንዝ እስከ ጎርጎራ ያለው ውኃ አንድ ነው፤ በዚያ ዘመን ያንን ውኃ እያየ እንዲህ ያሰበ ሰው ነበር ብሎ ማመን ደስ ይለኛል።

የንስሐ አባቴ በዚህ አልተስማሙም። ያሉኝን ሳላሳንስ ልጻፈው። "ልጄ፣ አንተ እግዚአብሔር አይደለህም። እሱ ፍጻሜውን ያውቃል፣ ቢታገሥ ያምርበታል። አንተ አባት ነህ። ልጅህ ገደል አፋፍ ላይ ቆማ እያየህ ነጻ ፈቃድ ነው ትላለህ?" ከባድ ነገር ነው። ሃይማኖት እውነት ከሆነ፣ እውነትን ለልጅ አለመንገር ፍቅር ሊባል አይችልም፤ እንዲያውም እንደኔ ያለው ዝምታ ከክርክር የባሰ ነው። እዚህ ድረስ አባን ተቀብያቸዋለሁ። ስለዚህ ዝምታውን ተውኩት። አሁን ልጄ ስትደውል እንከራከራለን፤ ስለ እመቤታችን፣ ስለ ጾም፣ ስለ ቁርባን፣ ድምፅ እስከሚያልቅብን። ትመልስልኛለች፤ አንዳንዴም ትረታኛለች፣ የዕቃ ቤቱ ሚስማር ላይ ያለኝ እውቀት መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የለኝም። በክርክሩ ላይ መንጠቆ የለበትም። ሰው በእውነት የሚከራከረው ሊሄድ ከሚችል ሰው ጋር ነው።

መንጠቆው ሌላ ቦታ ነው ያለው። ውርስ ነው። ምርቃት ነው። "ስትሞት ማን ይቀብራታል" የምትለዋ ቃል ናት። አባ የገደሉን ነገር ሲያነሡ ይህን አላነሡም፤ እኔ ነኝ ያነሣሁባቸው፣ መልሳቸውንም ገና እየጠበቅሁ ነው። ፍትሐትና የቤተ ክርስቲያን ቅጥር የቀኖና ጉዳይ ነው፣ እሱ የሊቃውንቱ ነው፤ አልገባበትም። እድር ግን የእኛ ነው። ድንኳኑን የገዛነው እኛ ነን፣ ንፍሮውን የሚቀቅሉት ሚስቶቻችን ናቸው፣ ደንቡን የጻፍነውም እኛው ነን። በሰፈራችን እድር ደንብ ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ፤ የአባል ቤተሰብ ሃይማኖቱን ለውጦ የሞተ እንደሆነ እድሩ ድንኳን አይተክልም፣ እድርተኛም ለቅሶ አይቀመጥም ይላል። ሲጸድቅ እኔም እጄን ያወጣሁበት ይመስለኛል፤ ያኔ የማንም ልጅ ጉዳይ አልነበረም።

ይህ አንቀጽ እስከ ዛሬ ማንንም አልመለሰም። ሐዋሳ ያለችዋን ነርስ አልመለሳትም። የያዘው እናቷን ነው፤ ልጄ ብትሞት ማን አብሮኝ ይቀመጣል እያለች ሌሊት የምትነቃውን የአራዳ ሴት። እንዲህ ዓይነት ነገር ደግሞ ሬሳ ቤት ሲገባ አይስተካከልም። ያኔ ሁሉም ደንግጧል፣ ሁሉም ያጠብቃል፣ አንዱ "ደንብ ደንብ ነው" ይላል፣ ሌላው ይሳደባል፣ እድር ለሁለት ይከፈላል። ከዚህ በፊት በሌላ ሰፈር ሆኖ አይተናል።

እንግዲህ የእድራችን አባላት፣ ዳኞቻችንም፣ ደብዳቤዬን ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ። በሰፈራችን ዛሬ የሞተ ሰው የለም፣ ድንኳኑም ታጥፎ መጋዘን ተቀምጧል። በመጪው ወር ስብሰባ ያ አንቀጽ እንዲሰረዝ አጀንዳ ይያዝልኝ፤ የምትቃወሙም ኑና ፊት ለፊት ተቃወሙኝ።